ሴንሰሩ ሲዋሽ ማን ይፈርዳል?

ደብረ ብርሃን ላይ ቀና ስትሉ ወደ ሰሜን ሲያልፍ የምታዩትን አውሮፕላን በዚያ ሰዓት የያዘው ኦቶፓይለት፣ ማለትም አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበር መሣሪያ፣ ነው። ታዲያ አብራሪው ቢቀርስ? በእኔ ግምት ገና ነው።

ማሽኑን ግን አላማም። የካቢን አየር ግፊት ድንገት ቢጠፋ የተለመደው አሠራር በፍጥነት ወደ 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,048 ሜትር ገደማ፣ መውረድ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ መሬቱ ራሱ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ቁጥሩን በጭፍን የተከተለ ከተራራ ይላተማል። ኤርባስ 350 አብራሪዎቹ ዝም ካሉ በራሱ ይወርዳል፤ የአካባቢውን አስተማማኝ ከፍታም ይጠብቃል። ማረፍም ይችላል፤ ማኮብኮቢያው የሬዲዮ መሪ ካለው የጣርማ በር ዓይነት ጉም ብዙ አያስጨንቀውም። የሚያስቸግረው ንፋስ ነው፦ ኤርባስ 320 የጎን ንፋሱ ከ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ) ካለፈ በራሱ እንዲያርፍ አይፈቀድለትም።

ጣጣው የሚመጣው መረጃው ሐሰት ሲሆን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎች ባለቁበት ቦይንግ 737 ማክስ ላይ፣ ክንፉ ከአየሩ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው የግራው ሴንሰር 75 ዲግሪ ገደማ አነበበ። የቀኙ 15 አካባቢ ነበር። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የሚያምነው አንዱን ብቻ ስለነበር የጭራውን አግድም ክንፍ እያንቀሳቀሰ አፍንጫውን ወደ መሬት ገፋ፤ አብራሪው ሲመልሰው ከ5 ሰከንድ በኋላ እንደገና ሊገፋ ይችል ነበር። ኋላ የመጣው ማስተካከያ ሁለቱን ያነጻጽራል፤ በ5.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩ ኤምካስ ሥራውን ያቆማል። ልብ በሉ፣ መፍትሔው ነገሩን ለሰው ትቶ መውጣት ነው። ሰው ከሌለስ?

ሦስት ሴንሰር አድርጎ በድምፅ ብልጫ መወሰን ይቻላል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኤር ፍራንስ በረራ 447 ላይ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ቅንጣት አንድ ላይ ተደፈኑ፤ ሦስቱም ሲታመሙ ብልጫው ምን ይረባል? ኦቶፓይለቱ ለቀቀ። አብራሪውም አፍንጫውን ሽቅብ ሳበና 228 ሰው አለቀ፤ ስለዚህ ሰውም ቢሆን ዋስትና አይደለም። የሚያናድደው፣ መድኃኒቱ በመመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር፦ የአፍንጫውን ማዕዘንና የሞተሩን ኃይል በሠንጠረዡ ልክ መያዝ።

ይህን ማሽን ሊማረው ይችላል። መማሩ ግን መጀመሪያ በጭነት አውሮፕላን፣ አብራሪው ከወንበሩ ሳይነሣ ይታይ።