ሶፍትዌሩ ከመግባቱ በፊት የሥራ ሂደታችንን ያዘጋጀንበት መንገድ

በምሠራበት ድርጅት ግዥን፣ መጋዘንንና ሒሳብን የሚያገናኝ የኢአርፒ ሶፍትዌር እንዲገባ ሲወሰን፣ የሥራ ሂደቶቹን አጥንቶ የማዘጋጀቱ ኃላፊነት የተሰጠው ለእኔ ነበር። የክፍል ኃላፊዎችን አንድ በአንድ አነጋግሬ ሂደቱን በሥዕል አሰፈርኩ፤ የነገሩኝ ሁሉ ከመመሪያው ጋር ስለተስማማም ሥራው የተገባደደ መሰለኝ።

ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ የተረዳሁት የመጋዘን ሠራተኛዋ መሳቢያዋ ውስጥ የምታኖረውን ደብተር ያሳየችኝ ዕለት ነው። ማሽን ቆሞ በአስቸኳይ የተገዛ መለዋወጫ የግዥ ትዕዛዝ ሳይወጣለት ሲመጣ በእርሳስ ትመዘግበዋለች፤ ትዕዛዙ ከቀናት በኋላ ሲደርሳት መስመሩን ትሰርዛለች። አሠራሩ በየትኛውም መመሪያ አልሰፈረም፤ ምርት እንዳይቆም ያደረገው ግን እሱ ነበር። አዲሱ ሲስተም ደግሞ ክፍያ የሚያሳልፈው የግዥ ትዕዛዙ፣ የዕቃ መረከቢያው ሰነድና የአቅራቢው የክፍያ መጠየቂያ በብዛትና በዋጋ ሲገጣጠሙ ብቻ በመሆኑ፣ ደብተሩን ሳናይ ብንጀምር ኖሮ አስቸኳይ ግዥዎች ሁሉ መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር።

ስለዚህ አንድ የግዥ ጥያቄ መርጬ ከጠያቂው ክፍል እስከ ክፍያው ድረስ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተከተልኩት። ሰባት ፊርማ አረፈበት። ፈራሚዎቹ ምን እንደሚያጣሩ ስጠይቅ፣ አራቱ ከእነሱ በፊት የተፈረመ መሆኑን ብቻ እንደሚያዩ ነገሩኝ። በጀቱን፣ ዋጋውንና አስፈላጊነቱን የሚያረጋግጡትን ሦስቱን ብቻ ይዘን የቀሩትን እንድናነሳ ሐሳብ ሳቀርብ ክርክሩ ከባድ ሆነ። የመኪና አምራቹ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከ500 በላይ ሠራተኞች የነበሩትን፣ ለአቅራቢዎች ክፍያ የሚፈጽመውን የተከፋይ ሒሳብ ክፍሉን በኮምፒውተር ብቻ ለማሻሻል አስቦ፣ የጃፓኑ መኪና አምራች ማዝዳ ያንን ሥራ በ5 ሰዎች እንደሚያከናውን ካየ በኋላ ሂደቱን ራሱን መቀየሩን ለሥራ አመራሩ ያስረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ለአስቸኳይ ግዥም በአንድ ኃላፊ ፈቃድ ወዲያው የሚወጣ፣ በገንዘብ ጣሪያ የተገደበ ትዕዛዝ አበጀን።

ከሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው የዕቃ ዝርዝሩን ማጽዳት ነበር። 6205 የተባለውን ኩሽኔታ በሦስት ኮድ ተመዝግቦ አገኘነው፤ አንዱ በቁጥሩ፣ ሌላው በአምራቹ ስም፣ ሦስተኛው በሚገጠምበት ማሽን ስም። ዘይት በበርሜል ገብቶ በሊትር ይወጣል፤ አንዱ በርሜል ስንት ሊትር እንደሚይዝ ግን በመዝገብ የሰፈረ ነገር አልነበረም። ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ክፍል ብቻ መተው ትልቅ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት ኮድ አንድ ዕቃ መሆኑን የሚያውቀው ዕቃውን በእጁ የሚያነሳው ሰው ነውና።

ለሙከራውም የሶፍትዌሩ ሻጭ ያዘጋጀውን ምሳሌ ትተን የደብተሩን መስመሮች አንድ በአንድ አስገባን። ዕቃው ተከፋፍሎ ሁለት ጊዜ የደረሰበትና ከፊሉ የተመለሰበት መስመር ላይ ስንደርስ፣ ሲስተሙ ሙሉው ሒሳብ እንዲከፈል ፈቀደ። የሥራ ማስጀመሪያው ቀን በሁለት ሳምንት እንዲገፋ ጠየቅሁ፤ መስመሩ በትክክል እስኪያልፍም የመጋዘን ሠራተኛዋ ደብተሯን ይዛ ከባለሙያዎቹ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።