ስለ አክሱም መዳከም የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትጀምሩ

የአክሱምን መዳከም ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የመረጠ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ንባቡ፣ ማስታወሻው፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየቱ ጊዜ እንጂ ሌላ አይጠይቅም። መከራው ያለው ፕሮፖዛሉ ሲገመገም ነው።

ጥያቄዬ «ከተማዋ ከመዳከም ልትድን ትችል ነበር?» የሚል ነበር። የገምጋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ገና ርዕሱን እንዳነበቡ መመሪያ ጠቅሰው «ታሪክ በቢሆን ኖሮ አይጻፍም» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው «ጉዲት ባትነሣ ኖሮ አክሱም የት በደረሰች!» ሲሉ ማንም አልሳቀም።

ዋናው መንስኤ ጉዲት ናት፣ እርሷን አስቀድም ተባልሁ። የጉዲት ታሪክ የሚነገረው ስለ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ጀምሮ ሲመታ የኖረው ሳንቲም ግን በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆሟል። ከእርሷ በፊት የሞተውን ገበያ እንዴት አድርጋ ገደለችው? ይህን አብራርቼ ባስገባም «ይሻሻል» የሚል ቃል ብቻ ተጽፎበት ተመለሰልኝ። ምኑ ይሻሻል? የሚነግረኝ አጣሁ። ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ጸሐፊዋ ፈቃድ ላይ ናት፤ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። ሴሚስተሩ እንዲሁ አለቀ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ርዕሱን «የአክሱም መዳከም መንስኤዎች» አልሁት፤ ከውስጡ አንድ መስመር ሳልነካ አለፈ።

መመሪያው ምንም ይበል፣ እናንተ «ቢሆን ኖሮ» ብላችሁ ጠይቁ። መንስኤን ከመንስኤ የምታበላልጡት በዚህ ነው። የጥንት መሬትና አፈር አጥኚው ካርል ቡትዘር በ1981 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው መሬቱ ከልክ በላይ ታርሶ አፈሩ ታጥቧል እንበል። እርከን ተሠርቶ ቢሆን ኖሮስ? ገበሬው ይጠግብ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱን ያበለጸገው ግን በቀይ ባሕር ዳር በነበረው በአዱሊስ ወደብ የሚወጣው የዝሆን ጥርስ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ፋርሶች የመንን ያዙ፤ በኋላም የቀይ ባሕር ንግድ በሙስሊም ኃይሎች እጅ ገባ። ይህን በእርከን የሚመልስ ንጉሥ የለም።

ስለዚህ በእኔ ግምት ከተማዋ መናገሻነቷን ማቆየት አትችልም ነበር። መንግሥቱ ዕድሜ ያገኘውም ወደ ደቡብ ስለሄደ ነው። ደግሞም አክሱም ባዶዋን አልቀረችም፤ በጽዮን ማርያም ምክንያት ዘርዓ ያዕቆብ በ1436 እ.ኤ.አ. ሥርዓተ ንግሡን የፈጸመው እዚያ ነው። ገምጋሚዎች ይህን ይዘነጉታልና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍሩት። የሚሰጧችሁንም አስተያየት በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ ይጻፍ፣ ይፈረምበት፣ ቅጂውም በእጃችሁ ይሁን።