ለሳይክል መብራቴ አዲስ ባትሪ፦ ምርጫውን የወሰነው ቻርጀሩ ነው

በእጄ የሠራኋቸው የሳይክል መብራቶች አሁንም ደህና ናቸው። ያረጀው ባትሪያቸው ነው። 6 ቮልት፣ 4.5 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ነበር። አሁን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አድሮ እንኳ ከአባይ ማዶ ተነስቼ መሃል ከተማ ሳልደርስ ይፈዛል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ለሳይክል ትመቻለች። ማታ ግን መብራት የሌለውን ሳይክል የባጃጅ ሹፌር ከየት ያየዋል?

መጀመሪያ ሂሳብ ሠራሁ። የፊቱ ኤልኢዲ 3 ዋት ይበላል፣ የኋላው ቀይ ደግሞ ግማሽ ዋት። ቮልቱን በአምፔር-ሰዓት ስታባዙት ዋት-ሰዓት ይሰጣችኋል። የድሮው ባትሪ 27 ዋት-ሰዓት ነበር ማለት ነው። ይህ ግን የወረቀት ቁጥር ነው። እርሳስ-አሲድ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባታወርዱት ይመረጣል። ስለዚህ በተግባር አራት ሰዓት ያህል ያበራል።

ያንኑ ዓይነት መልሶ መግዛት ቀላል ነበር፤ አንድም ሽቦ አይነካም። የተውኩት በክብደቱ ብቻ አይደለም። እርሳስ-አሲድ ሳይሞላ ሲቀመጥ ሰልፌት የሚባል ጨው በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ይጠጥርና አቅሙን ይበላዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ መብራት ሄዶ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ባትሪው ግማሽ ላይ ቆሞ ያድራል፣ አንዳንዴም ይሰነብታል። እዚህ አገር ቶሎ የሚሞተው በዚህ ይመስለኛል።

ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድም አየሁ፤ የድንጋይ ባትሪ የሚመስለው፣ ግን ቻርጅ የሚደረገው። አንዱ 1.2 ቮልት ነው፣ አምስቱ ልክ 6 ይሆናሉ። በቀላሉ አይቃጠልም፣ ጠባዩም ጥሩ ነው። ችግሩ ርካሾቹ ቻርጀሮች ሁለት ሁለት እያጣመሩ ይሞላሉ። አምስተኛዋ ምን ትሁን?

በወረቀት ላይ የሚያሸንፈው ሊቲየም-አይረን-ፎስፌት ነው። አንዱ 3.2 ቮልት ስለሆነ ሁለቱ 6.4 ይሆናሉ፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ግን በዞርኩባቸው ሱቆች አላገኘሁትም። ቢገኝም የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል።

የቀረው 18650 የሚባለው ሊቲየም-አዮን ነው፤ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ያለው። ሁለቱን በተከታታይ ብቀጥላቸው 7.4 ቮልት ይሰጡኛል። ታዲያ 8.4 ቮልት ቻርጀርና ሁለቱን እኩል የሚያደርግ ቦርድ ያስፈልጋል። ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ካገናኘኋቸው ግን እንደ አንድ ትልቅ ባለ 3.7 ቮልት ባትሪ ስለሚሆኑ ቲፒ 4056 በምትባለው ትንሽ ቦርድ በማንኛውም የስልክ ቻርጀር ይሞላሉ። እዚህ ላይ ወሰንኩ። የስልክ ቻርጀር የሌለበት ቤት የለም። መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክም ይሞላል። መሃል ላይ ቢቋረጥም ሊቲየም ግማሽ ላይ መቆየት አይጎዳውም። ቮልቴጁን ወደ 6 ከፍ የምታደርግ ሌላ ቦርድ ጨመርኩና የድሮዎቹን መብራቶች ሳልነካ አገናኘሁ።

ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ። 9900 ሚሊ-አምፔር-ሰዓት የሚል ካያችሁ ፎርጅድ ነው፣ አትከራከሩ። የዚህ መጠን ጥሩ ባትሪ 3500 አካባቢ ነው። በሚዛንም ይታወቃል፦ ደህናው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ውሸታሙ ብዙ ጊዜ ይቀልላል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የምታወጡ ከሆነ በቴስተር ለኩ። ከ2 ቮልት በታች የወረደውን እኔ አልጠቀምበትም። ሁለቱን ከማገናኘታችሁ በፊት ቮልቴጃቸው እኩል ይሁን፤ ካልሆነ አንዱ በሌላው ላይ ከባድ ከረንት ይለቃል። ባትሪው ላይ በቀጥታ ስታኞ አታቅልጡ፣ ሙቀቱ ይጎዳዋል። መያዣ ይሸጣል፣ እሱን ግዙ። ቲፒ 4056ም ሁለት ዓይነት ነው። የመውጫ ቀዳዳ ያለውንና ባትሪው ሲወርድ የሚቆርጠውን ውሰዱ። ማብሪያ ማጥፊያውን ከሁለተኛው ቦርድ በፊት አድርጉት፤ ቦርዷ ዝም ብላም ትንሽ ትበላለች። ቻርጅ ላይ ሳለ መብራቱ ይጥፋ፣ ካልሆነ ቦርዱ መሙላቱን አያውቅም።

እኔ ባለ 2600 ሁለት አስገባሁ። 19 ዋት-ሰዓት ነው፤ በቦርዶቹ የሚባክነውን ቀንሼ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይሰጠኛል። ክብደቱ መቶ ግራም አይሞላም። ባዶውን ለመሙላት አምስት ሰዓት ያልፋል፤ ቦርዷ ከ1 አምፔር በላይ ስለማትሰጥ ነው። ለክረምቱ ዝናብ በላስቲክ ሳጥን ከትቼ በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቀለልኩት። በሚያዝያ ፀሐይ ግን ሳይክሌን ጥላ ስር አቆማለሁ፣ ሊቲየም ሙቀት አይወድም።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። የድሮው እየፈዘዘ ያስጠነቅቅ ነበር። ይሄኛው እስከ መጨረሻዋ እኩል ያበራና ድንገት ድርግም ይላል። ስለዚህ ትንሽ የቮልት ማሳያ እየገጠምኩበት ነው፤ 3.4 ሲል ቻርጅ አደርገዋለሁ። የኋላውን ቀይ መብራት ደግሞ ከፊተኛው ለይቼ የራሱን አንድ 18650 ልሰጠው ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይጠፉብኝ።