«ስለሄድሽ» ወይስ «ከሄድሽ ወዲህ»?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በረዳትነት ስሠራ፣ ከሁለት ቀን ዕረፍት ተመልሼ የፈረቃ መዝገቡን ስገልጥ በስሜ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦ «ሲንስ ዩ ሌፍት፣ ሺ ሃዝ ቤርሊ ኢትን።» እኔም «አንቺ ስለሄድሽ በቅጡ አልበሉም» ብዬ አነበብሁት። የምንከባከባቸው አሮጊት በእኔ ጥፋት የተራቡ መስሎኝ ኃላፊዬ ዘንድ ሄጄ ዕረፍቴ የተፈቀደ እንደነበር እያስረዳሁ ይቅርታ ስጠይቅ፣ ምን እንደምል ግራ ገባት። የጻፈችው «ከሄድሽ ወዲህ» ለማለት ነበር፤ ያሳሰባት የእኔ መቅረት ሳይሆን፣ ሴትዮዋ ምግብ ከቀነሱ ስንት ቀን እንደሆናቸው ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቴን በእንግሊዝኛ ብከታተልም፣ «ሲንስ» የምትባለው ይህች መስተጻምር (አያያዥ ቃል) በአእምሮዬ የተቀመጠችው ከ«ቢኮዝ» ጎን «ስለ» በሚል ፍቺ ብቻ ነበር። በታሪኳ ግን የጊዜው ፍቺ ይቀድማል። ጥንታዊ ቅርጿ «ከዚያ በኋላ» ማለት ሲሆን፣ ከአንድ ነገር በኋላ የመጣውን በእርሱ ሰበብ እንደመጣ መቁጠር የሰው ልማድ ነውና (የእኔም ስህተት ከዚያው ነው) ምክንያት መግለጽን የደረበችው ኋላ ላይ ነው።

ነገሩ የተብራራልኝ በሰዋስው መጽሐፍ ሳይሆን ወጥ ቤት በሚሠሩ አንዲት የአገሬ ሰው ንግግር ነው። የደረሰብኝን ስነግራቸው ስቀው ሲያበቁ፣ «በይ ከመጣሽ አይቀር ቡና ጠጪ» አሉኝ። ለካ የእኛዋ «ከ»ም ሁለት ፊት አላት! «ከመጣሽ ወዲህ» ስንል ጊዜ እንቆጥራለን፤ «ከመጣሽ አይቀር» ስንል ግን ሰሚው የሚያውቀውን ነገር መነሻ አድርገን ሌላ ነገር እናስከትላለን። «ሲንስ»ም ምክንያት ስትገልጽ አብዛኛውን ጊዜ ጠባይዋ ይኸው ነው፤ «ለምን ዘገየሽ?» ለሚል ጥያቄ «ቢኮዝ» ብሎ መመለስ የተለመደ ሲሆን፣ «ሲንስ» ብሎ መጀመር ግን ለጆሮ አይጥምም።

የዚያኑ ዕለት ቀትር ላይ ኃላፊዬ በበሩ ብቅ ብላ፣ «ሲንስ ዩ አር ሂር፣ ምሳቸውን አንቺ ውሰጂላቸው» አለችኝ። «ከመጣሽ አይቀር» ማለቷ መሆኑ ገባኝና ትሪውን ይዤ ገባሁ። ሾርባውን አጋመሱት፤ እኔም መዝገቡ ላይ ይህንኑ ያለ ምንም መስተጻምር ጻፍሁ።