ግሪን ቤይ፣ የግዙፎቹ ልምምድ

ከቺካጎ እስከ ሚልዋኪ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ከዚያ በኋላ በቆሎ እርሻና ላም ብቻ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ልምምድ ለማየት ከእህቴ ልጅ ጋር ግሪን ቤይ ስንገባ መሽቷል።

በኢንተርኔት 94 ዶላር ብዬ የያዝኩት ሞቴል ላይ፣ ስንደርስ «የጽዳት» ተብሎ 35 ዶላር ተጨመረበት። ተከራከርኩ። ሰውየው «ሲስተሙ ነው» ብሎ ዝም አለ። በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ክፍል አይገኝምና ከፈልኩ። ኤርኮንዲሽነሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲንገጫገጭ አደረ። ስናጠፋው ክፍሉ ይታፈናል፣ ስናበራው እንቅልፍ የለም። እንዲህ ያለ ነገር በጣም ያናድደኛል። አገር ቤት ሳለሁ፣ ገጠር መሽቶብን የማያውቁን ሰዎች አልጋቸውን ለቀውልን መሬት ሲተኙ አይቻለሁ። መንገደኛን በምሽት ማስጨነቅ እኔ ባደግኩበት ነውር ነው።

የሄድነው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ያኔ 16 ዓመቱ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ፉትቦል ይጫወታል፣ የአሜሪካውን። ቦታው የመከላከያው የፊት መስመር ነው፤ ኳስ የሚወረውረው ኳርተርባክ ጋ ለመድረስ ፊት ለፊት ከሚጋጩት ግዙፎች አንዱ ነው። በዚያ በጋ አሰልጣኝ ተቀየረበት። የድሮው «ያዝ፣ እይ፣ ከዚያ ሂድ» ይለው ነበር። አዲሱ ደግሞ «ኳሷ ስትነቃነቅ ሂድ፣ የምታየውን እየሄድክ እይ» ይለዋል። ልጁ ጭንቅ ውስጥ ገባ። «ጋሼ፣ እግሬ አልሰማ አለኝ» አለኝ አንድ ቀን በስልክ። ድምፁን ስሰማ ሆዴ ተንቦጫቦጨ።

በዚያው ሰሞን፣ በጁላይ 2024 መጨረሻ፣ የከተማው ፕሮፌሽናል ቡድን ግሪን ቤይ ፓከርስ ተጫዋቾች ያንኑ ነገር እየተማሩ ነበር። የመከላከያ አሰልጣኙ ጆ ባሪ ተሰናብቶ፣ ቦስተን ኮሌጅን ሲያሠለጥን የነበረው ጄፍ ሀፍሊ መጥቷል። 3-4 ከሚባለው አሰላለፍ (ከፊት ሦስት፣ ከኋላቸው አራት) ወደ 4-3 እየተሸጋገሩ ነው። በድሮው አሰላለፍ ከፊት ሦስት ሰው አጎንብሶ እጁን መሬት ላይ አድርጎ ይነሳል፣ ከዳር ያሉት ግን ቆመው ነው የሚጠብቁት። መሃል ያሉት ብዙ ጊዜ ፊታቸው ያለውን ሰው ገትረው ይይዛሉ፣ ሯጩ በየት እንደሚመጣ አይተው ይለቃሉ። በአዲሱ አራት ሰው አጎንብሶ ይነሳል። አንድ ሰው፣ አንድ ክፍተት፣ ሰብሮ መግባት። በወረቀት ሲታይ የአንድ ሰው ልዩነት ነው። ለተጫዋቹ ግን ማርሽ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው አውቶማቲክ እንደመያዝ ነው፤ ጭንቅላቱ ቢያውቅም ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይፈልጋል። ልጁ ይህንን በዓይኑ ቢያይ ይቀለዋል ብዬ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ።

ጠዋት ያየነው ነገር የሌሊቱን ንዴት አስረሳኝ። ከላምቦ ፊልድ ስታዲየም እስከ ሬይ ኒችኬ የልምምድ ሜዳ መንገድ መሻገር ነው። ተጫዋቾቹ የሰፈር ሕፃናትን ብስክሌት ተቀብለው እየነዱ ያልፋሉ፣ ሕፃናቱ ሄልሜታቸውን አቅፈው ከጎን ይሮጣሉ። ከዝነኛው የድሮ አሰልጣኝ ከቪንስ ሎምባርዲ ዘመን ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። 140 ኪሎ የሚሆን ሰው በትንሽ ብስክሌት ላይ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ ሲያልፍ፣ ባለብስክሌቱ ልጅ ፊት ላይ ያለው ኩራት ዕንባዬን አመጣው። መግቢያ አይከፈልም። እኛ በልጅነታችን የጊዮርጊስን ልምምድ በአጥር ቀዳዳ ነበር የምናየው። እዚህ ሕፃኑ የቡድኑ አካል ነው።

መቀመጫው ላይ ከጎናችን አንዲት ሰባዎቹን የተሻገሩ ሴትዮ ነበሩ። የእህቴን ልጅ ከላይ እስከ ታች አዩና «የመስመር ተጫዋች ነህ አይደል? ትከሻህ ይናገራል» አሉት። ባለአክሲዮን ናቸው። የፓከርስ ባለቤት ሕዝቡ ነው፣ አክሲዮኑ ግን ትርፍ አይከፈልበትም። ወረቀቱን በፍሬም አድርገው ሳሎን ሰቅለውታል። ሩቅ ማሳያ መነጽራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ለልጁ ሰጡት። «ኳሷን ተዋት፣ እጃቸውን እይ» አሉት።

ከዚያ በኋላ እጅ ብቻ ነው ያየነው። አሰልጣኙ ጫፉ ላይ ኳስ የታሰረበት ዘንግ ይዞ ይንበረከካል። ኳሷ ስትነቃነቅ አራቱ ይፈነጠራሉ። ድምፅ አይጠብቁም፣ ሰው አያዩም። መነጽሩ ለእኔ ሲደርሰኝ አንድ ወጣት ተጠባባቂ ላይ አነጣጠርኩ። ሦስቱ ጣቶቹ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልለዋል። ክብደቱን ጣቶቹ ላይ ሲጥል ጫፋቸው ሣሩ ውስጥ ይሰምጣል። ብዙ ከተደገፈባቸው ሲነሳ ወደፊት ይደፋል። ትንሽ ከተደገፈ ደግሞ መጀመሪያ ቀና ይላል፣ ከዚያ ነው የሚሄደው። ያቺ ቀና ማለት ናት የምትጎዳው። የቆመ ደረት ለአጥቂው ጥሩ መያዣ ነው። አሰልጣኙ መዳፉን ወደ መሬት እያሳየ «ዝቅ!» ይለዋል። ደገመ። አሁንም ትከሻው ቀድሞ ተነሳ። ደገመ። ልጃችን አፉን ከፍቶ ያያል። «እኔን ነው የሚመስለው» አለ።

ቁጥር 52 ራሻን ጋሪ ለዓመታት ከዳር ቆሞ ሲነሳ የኖረ ነው። አሁን እጁ መሬት ላይ ነው። ፕሬስተን ስሚዝም እንደዚያው። ሉካስ ቫን ነስ ግን በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ አጎንብሶ እየተነሳ ነው ያደገው፣ ለእሱ ወደ ቤት መመለስ ነው። ሴትዮዋ የእያንዳንዱን ታሪክ ያውቃሉ። ስለ ኬኒ ክላርክ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ከ2016 ጀምሮ መሃሉን ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው፣ የሁለት ሰው ግፊያ ችሎ ሌላው እንዲመሰገን የሚያደርግ።

ልጁ አንድ ጥያቄ ነበረው። ሁሉም ሰብሮ ከገባ ሯጩ በኋላቸው ቢያልፍስ? መልሱን ሜዳው ላይ አየነው። አንዱ ተከላካይ በሙሉ ኃይሉ ገባ፣ ሆን ብለው ለቀቁት። ከጎን የመጣ አጥቂ ገፍቶ አወጣው፣ ሯጩ እሱ ጥሎት በሄደው ቀዳዳ አለፈ። አሰልጣኙ ግን አልተቆጣውም። ፍጥነቱን እንዲቀንስ አልፈለገም። ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆመው ተከላካይ፣ ላይንባከሩ፣ ቀዳዳውን መድፈን አለበት፣ የፊተኛው ደግሞ እሱን ማመን አለበት። ለእኔ የአዲስ አሰላለፍ ትልቁ ፈተና ይኸው መተማመን ነው። ለዓመታት አይተህ ሂድ የተባለ ሰው፣ ሳያይ እንዲሄድ ሲጠየቅ ያላወቀውን ጓደኛ እመን እየተባለ ነው።

ፕሪሲዝን፣ ማለትም ከውድድሩ በፊት ያለው የዝግጅት ጊዜ፣ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ፓድ፣ ያለ ትከሻና ደረት መከላከያው፣ ናቸው። ግጭት በሌለበት ሁሉም ፈጣን ይመስላል። ፓድ ሲለበስ ነው ማን ቀና እንደሚል የሚታየው። ከዚያ ሦስት የዝግጅት ጨዋታ አለ። ቡድኖች ስልታቸውን ስለሚደብቁ ብዙ ሰው ይንቃቸዋል። የመስመር ተጫዋች ግን አነሳሱንና የመጀመሪያ እርምጃውን መደበቅ አይችልም። 90 ሰው ወደ 53 በሚቀነስበት ሰሞን ደግሞ ለተጠባባቂው ያቺ እርምጃ እንጀራው ናት።

ስንመለስ ሺቦይገን ላይ ቋሊማ በላን፣ ርካሽና ግሩም ነበር። እህቴ የቋጠረችውን ቆሎ መኪና ውስጥ ጨረስነው። አንድ ማረፊያ ላይ ልጁ ሣር ላይ አጎነበሰ፣ እኔ የውሃ ላስቲክ እያነቃነቅሁ አስነሳሁት። ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አላቆመም።

በዚያ ዓመት የፓከርስ መከላከያ ተጋጣሚ እንዲገፋ በፈቀደው ርቀት (ያርድ) ማነስ ከሊጉ 5ኛ ሆኖ ጨረሰ። ጥቅሙ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ፕሬስተን ስሚዝ በኖቬምበር ወደ ፒትስበርግ ሄደ፣ ቆሞ ወደሚነሳበት አሰላለፍ። በ2023 ሰባት ተኩል ሳክ (ኳርተርባኩን ኳሷን ሳይለቅ መጣል) የነበረው ክላርክ በ2024 አንድ ብቻ አገኘ። ብዙ ሰው «አለቀለት» አለ። ይህ አነጋገር ያመኛል። ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው፣ መሃል ላይ ሁለት ሰው ይዞ የዋለውን አያይም።

በኦገስት 2025 መጨረሻ ልጁ ደወለልኝ። የዳላሱ ኮከብ ተከላካይ ማይካ ፓርሰንስ ወደ ፓከርስ በመጣበት ልውውጥ ክላርክ ለዳላስ ተሰጥቷል። ሁለታችንም ከፋን። ዳላስም አዲስ የመከላከያ አሰልጣኝ አምጥቶ ነበር፣ የኛው የቺካጎ የቀድሞ ዋና አሰልጣኝ ማት ኤበርፍለስን። ክላርክ የዚህን አሰልጣኝ ዘዴ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። የመጀመሪያው ጨዋታ ደግሞ በሳምንቱ ነበር።