የሄይሎ ዜማ በጣርማ በር
ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ሄይሎ (Halo) የተባለውን የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ እየሰማሁ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ልክ ያኔ የወንዶቹ ድምፅ ጀመረ። መሣሪያ የለም፣ ግጥም የለም፤ ሁሉም አንድ ዜማ ይዘው ያዜማሉ።

ጌሙ እኮ የጠፈር ጦርነት ነው! የሙዚቃው ደራሲዎች ማርቲን ኦዶኔልና ማይክል ሳልቫቶሪ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ለወጣው ለመጀመሪያው ክፍል የአውሮፓ መነኮሳትን የጥንት ዜማ የሚያስታውስ መግቢያ ሠሩለት። ከዚያ ከበሮው ይገባል፤ ቫዮሊንና ቼሎው ይከተላሉ። ሁሌም ይነዝረኛል።

ማኅሌት እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ሙዚቃ ባዕድ አይሆንም ባይ ነኝ። በዝግታ ተጀምሮ ከበሮው እስኪገባ መጠበቅን እናውቅበታለን። ጌም የማትጫወቱም ብትሆኑ ሙዚቃውን ብቻ ስሙት፤ በተለይ በጥሩ ኢርፎን።