ከጉማሬ እስከ ጉሬዛ፦ ጣና ዳር ቆጠራ ስለማመድ

ባለፈው ያካፈልኳችሁ ዝርያ ስለ መለየት ነበር። አሁን የዱር እንስሳትንና ወፎችን ወደ መቁጠሩ ገብቻለሁ። እስካሁን ከተማርኩት ሁሉ አስተሳሰቤን የለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ያየነው ቁጥርና በቦታው ያለው ቁጥር የተለያዩ ናቸው፤ ሙያው ያለው በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በመገመቱ ላይ ነው።

ይህን የመሰለ ትምህርት የሚሰጥ እንደ ጉማሬ ያለ እንስሳ አላገኘሁም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያሉት ጉማሬዎች ቀኑን በውኃ ውስጥ ያሳልፉና ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣሉ። ቀን ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ነው። ያደገ ጉማሬ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ጠልቆ ይቆይና ለመተንፈስ ብቅ ይላል። ከዳር ቆሞ አንዴ አይቶ «ሰባት ናቸው» የሚል ሰው የቆጠረው በዚያች ቅጽበት ብቅ ያሉትን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ይዘን ለግማሽ ሰዓት ያህል ደጋግመን እንቆጥርና ከተገኙት ቁጥሮች ከፍተኛውን እንይዛለን። ሥራው የማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞገዱ የጉማሬውን ጆሮ ይሸፍነዋል።

አንድ ማለዳ ታንኳቸውን ከደንገሉ ሥር ያስጠጉ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽሬን አይተው፣ «ልጄ፣ ዓይንህን ብቻ አትመን፤ ትንፋሹን ስማው» አሉኝ። «እሺ አባባ» ብዬ መነጽሩን አወረድኩ። ብዙም ሳይቆይ ምንም ካልታየበት ከደንገሉ ጀርባ «ፉፍ!» የሚል የውኃና የአየር ድምፅ መጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ፣ ከፊተኛው ቀጠን ያለ። እሳቸው ቀጭኑ የግልገል ትንፋሽ መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በመመዝገቢያ ቅጼ ላይ «በድምፅ ብቻ» የሚል ዓምድ አለ። ይህ ዓምድ ከታዩት ጋር አይደመርም፤ የሰማሁት ቀድሞ ያየሁት ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን ምን ያህሉ ከዓይኔ እንደሚያመልጥ ይጠቁመኛል።

የወፎቹ ችግር ሌላ ነው። በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር በብዙ አገሮች የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ወሩ በእኛ በጋ ላይ ይውላል። በዚያን ጊዜ ከሰሜን ቅዝቃዜ ሸሽተው የመጡ ክሬኖች (እግረ ረጃጅም ትልልቅ ወፎች) ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ ይሰማራሉ፤ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድሩና ፀሐይ ስትወጣ ወደ ማሳ ይበራሉ። ሲነሡ አንድ በአንድ ለመቁጠር ጊዜ የለም። አስር ወፍ የሚይዘውን ቦታ በዓይን ለይቶ፣ ያንኑ እየደጋገሙ መቶ ማድረስ፣ ከዚያ መቶውን በመንጋው ላይ እያሳለፉ መሄድ ነው መንገዱ። ለዚህ ልምምድ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ታናሽ እህቴ ሰፌድ ላይ ሽንብራ ትበትናለች፤ እኔ አምስት ሰከንድ አይቼ ግምቴን እናገራለሁ፤ ከዚያ አብረን እንቆጥራለን። መንጋው እየበዛ ሲሄድ የሰው ዓይን አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ አለው። ሽንብራውም ይህንኑ በግልጽ ያሳያል፤ ስለዚህ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ልዩነት በቁጥር እንድታውቁት አጥብቄ እመክራለሁ።

በዘጌ የቡና ደን ውስጥ ደግሞ ጉሬዛን በመስመር ቆጠራ እየተለማመድኩ ነው። ቀጥ ባለ መስመር ቀስ ብሎ መራመድና የታየው እንስሳ ከመስመሩ በስተጎን ምን ያህል እንደሚርቅ መለካት ነው። ከመስመሩ በራቅን መጠን የምናያቸው እያነሱ ይሄዳሉ፤ የሚያንሱበት ፍጥነት ስንቶቹ እንዳመለጡን ለማስላት ያስችላል። ሦስት ነገሮች ግን መሟላት አለባቸው፦ መስመሩ ላይ ያለው ሁሉ መታየት አለበት፤ እንስሳው ከእኛ ሸሽቶ ከመንቀሳቀሱ በፊት የነበረበት ቦታ መመዝገብ አለበት፤ ርቀቱም በትክክል መለካት አለበት። አስተማማኝ ስሌት ለመሥራት ከ60 እስከ 80 የሚደርስ ምልከታ እንደሚያስፈልግ በዘርፉ ይመከራል፤ ስለዚህ ትዕግሥት ያሻል። መነኮሳቱና ቡና ለቃሚዎቹ የሚመላለሱበትን መንገድ እንደ መስመር መውሰድ ምቹ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ሰው የለመደ ጉሬዛ ከመንገዱ አይርቅም፤ ሰው የሚፈራ እንስሳ ደግሞ ወደዚያ አይጠጋም። ሁለቱም ስሌቱን ያዛቡታል።

ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ቢቆጥሩም ያመለጠውን መገመት ይቻላል። አንዱ 8 መንጋ አየ እንበል፤ ሌላው 9፤ ሁለቱም ያዩት 6 ነው። 8 በ9 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 12 ይመጣል፤ ሁለቱ በጋራ ያገኙት ግን 11 ብቻ ነው። ስሌቱ የዴንማርኩ የዓሣ ተመራማሪ ፒተርሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለዓሣ ምልክት አድርጎ መልሶ ከመያዝ ጋር ያስተዋወቀው ሐሳብ ነው፤ በእኛ ቆጠራ አንዱ ያያቸው ምልክት እንደተደረገባቸው ይወሰዳሉ። ጣና ላይ በዓሣ ለመሥራት የሚያስብ ግን ወቅቱን ያጢን። ዘዴው በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የሚገባም የሚወጣም እንዳይኖር ይፈልጋል፤ በሐይቁ «ነጭ ዓሣ» ከሚባሉት ዝርያዎች ብዙዎቹ ደግሞ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እምቦጭ ነው። አረሙ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዳርቻውን ሲሸፍን ወፎች ውስጡ ይደበቃሉ። አምና 40 ዳክዬ የቆጠርንበት ዳርቻ ዘንድሮ 15 ቢሰጠን፣ የቀነሰው ዳክዬው ነው ወይስ የማየት ዕድላችን? የአረሙ ስፋት፣ የቆጠራው ሰዓት፣ ነፋሱ፣ የቆጣሪው ማንነትና የቆየንበት ጊዜ ካልተጻፈ ማንም ሊመልሰው አይችልም። እነዚህ ያልተመዘገቡበትን ትልቅ ቁጥር ከማቅረብ፣ ሁሉም ተሟልቶ «ምንም አልታየም» የሚል ቅጽ መያዝ እመርጣለሁ። ባዶ ቀንም ይመዝገብ።

በጥር ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ባለው ዳርቻ የማለዳ ቆጠራ አስበናል። ቅጹን የሚፈልግ ይጻፍልኝ፤ በጎርጎራ በኩል ያላችሁ ደግሞ በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት ብትቆጥሩልን፣ በሐይቁ ላይ ከቦታ ቦታ የሚበሩትን ሁለት ጊዜ ከመቁጠር እንድናለን።